ባህር ዳር ውስጥ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚሸጥበት የሚያውቅ አለ? ወይስ ነገሩ አብቅቶለታል

ህዳር11_ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ የድሮ ሰው ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል ግን ሌላ ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ ነው። እናቴ ቤት ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ ሰሞኑን አስቸገረ፣ ዲስክ ስናስገባለት ትንሽ ይሽከረከርና ቀጭ ቀጭ ብሎ "ኖ ዲስክ" ይላል። የሚገርመው የመዝሙር ቪሲዲዎቿን አብዛኛውን ያጫውታል፣ የሰርግ ዲቪዲ ሲገባለት ነው እምቢ የሚለው። ቅዳሜ ለት ግሽ ዓባይ አካባቢ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዞርኩ፣ ቲቪ ሞልቷል፣ ሪሲቨር ሞልቷል፣ ስፒከር በየመጠኑ አለ፣ ዲቪዲ ስል አንዱ ልጅ ሳቀብኝና "እህት ፍላሽ ይሻልሻል" አለኝ። አንድ ቦታ ብቻ አቧራ የጠጣ ተገኘ፣ እሱንም ሰውየው ይስራ አይስራ አላውቅም፣ ወስደሽ ሞክሪው ግን መመለስ የለም አለኝ 😂

እማዬ ፊልም ፈልጋ አይደለም። የታላቅ እህቴ ሰርግ (እሷ አሁን ውጭ ነው ያለችው)፣ የልጆች ክርስትና፣ የአባቴ የጡረታ ሽኝት፣ ሁሉም በዲስክ ነው ያለው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር የሰርጉን ታያለች፣ እሱ እስክስታ የወረደበት ቦታ አለ። ወንድሞቼ ዋይፋይ እናስገባላት ዩቱብ ትይ ይሄን ኮተት ጣሉት ይላሉ። በዚያ ላይ አዲስ የተገዛላት ቲቪ ቢጫ ቀይ ነጩ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳን የለውም።

እና ደህና ማጫወቻ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ የት ይገኛል? ገንዘብ ማውጣቱስ ያዋጣል ወይስ ሌላ መላ አለ? እማዬ ስልክ አትነካካም፣ ሪሞት ብቻ ነው የምትችለው፣ እሱን ከግምት አስገቡልኝ።

ፔዳ_ዋይፋይ፦

እህቴ እውነቱን ልንገርሽ አትድከሚ። ሱቆቹ ጋ የለም ያሉሽ ከነጭራሹ የሚሰራው ስለቀነሰ ነው። ኦፖ የሚባለው፣ የዲስክ ማጫወቻ ጥራት ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ በቃኝ አለ። ሳምሰንግ 2019 ላይ ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ጥራቱ ከፍ ያለ ዲስክ) ማጫወቻ ማውጣት ተወ፣ ኤልጂ 2024 መጨረሻ ላይ ተከተለ። ኔትፍሊክስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ እያከራየ ነው፣ ያንን ስራ በመስከረም 2023 ዘጋው። ሶኒ ደግሞ 2025 ላይ የሚቀዳበትን ባዶ ብሉሬይ ዲስክ ማምረት አቆመ። የፈጠሩት ሰዎች እየተዉት እኛ እዚህ ግሽ ዓባይ እንፈልጋለን።

አንድሮይድ ቦክስ ግዢላት፣ ሪሞት አለው፣ ዩቱብ ላይ መዝሙሩም ፊልሙም ቲያትሩም አለ፣ አለቀ። ካልሆነ ደግሞ የፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ ዲስክ የሚገባበት ፒኤስ 4 ዲቪዲም ብሉሬይም ያጫውታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲስክ ሲያጫውት ብቻ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቪሲዲ እና የሙዚቃ ሲዲ ግን አይነካም፣ እሱን እወቂ።

ዘጌ_ማዶ፦

@ፔዳ_ዋይፋይ አንተ ልጅ የልጅቷን ጥያቄ አንብበኸዋል? የእህቷ ሰርግ ዩቱብ ላይ የለም እኮ!! አባቷ እስክስታ የወረደበት ኔትፍሊክስ ላይ አይገኝም። ስትሪሚንግ፣ በኢንተርኔት ቀጥታ ማየት ማለት፣ የሌላ ሰው ነገር ነው የሚያሳይህ፣ ያንተን ነገር ካልጫንከው ከየት ያመጣዋል።

ደግሞ ስትሪም ስትሪም ትላላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር 2015 ሊያልቅ ሲል እዚህ ክልል የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ስንት ወር ቆየን? ያኔ ሰው ምን ያይ ነበር? ሃርድ ዲስክና ፍላሽ እየተዋዋሰ፣ ያም ያልነበረው አሮጌ ዲስኩን ከአልጋ ስር እያወጣ ነው የከረመው። እኛ ሰፈር ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ቤት ማታ ማታ ሰው አይጠፋበትም ነበር። ኔትወርኩ ደህና ሲሆን እንኳን ኔትፍሊክስ ራሱ ለጥራት ምስል፣ ኤችዲ ለሚሉት፣ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል ብሎ ጽፏል፣ የሁለት ሰዓት ፊልም በሞባይል ፓኬጅ ስታየው አስበው። ለኔትፍሊክስ ደግሞ የውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ማን አለው እዚህ። ስለዚህ ስትሪሚንግ ማለት ለኛ ዩቱብና ቴሌግራም ነው፣ በቃ።

ሌንስ_ጠጋኝ፦

እህቴ የነገርሽን ምልክት ራሱ መልሱን ይዟል። ቪሲዲ አንብቦ ዲቪዲ እምቢ ካለ ማሽኑ አልሞተም፣ አንድ ዓይኑ ነው የጠፋው። ከላይ ስታያት ሌንሷ አንድ ናት፣ ከስሯ ግን ሁለት የተለያየ ጨረር አለ። ለሲዲና ለቪሲዲ የሚሆነው የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ነው፣ ለዲቪዲ ደግሞ ቀዩ፣ 650 ናኖሜትር። የዲቪዲ ጽሑፍ ከሲዲው በጣም የደቀቀ ስለሆነ ጨረሩ ትንሽ ከደከመ ወይ ሌንሷ ላይ ስስ አቧራ ካረፈ መጀመሪያ የሚቀረው ዲቪዲው ነው። በቤት የተቀዳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ፋብሪካ የታተመው ዲስክ ብርሃኑን ደህና አድርጎ ነው የሚመልሰው፣ የሰርግ ዲስክ ግን ኮምፒውተር ላይ በቀለም የተቃጠለ ስለሆነ የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ ነው። ስለዚህ ሰርጉ እምቢ ብሎ መዝሙሩ ቢሰራ አይግረምሽ።

መጀመሪያ ከፍተሽ ሌንሷን በጥጥና በንጹህ አልኮል በስሱ ጥረጊያት፣ ሳትጫኚ፣ በሽቦ ላይ ነው የተንጠለጠለችው። አልኮል ስል ፋርማሲ የሚሸጠውን ነው፣ በአረቄ ጠርጎ ያመጣልኝ ደንበኛ ስለነበር ነው ይሄን መጻፌ 😂 ሌንሷ ላይ ስኳር የመሰለ ነገር ጋግሯል። ከመሰኪያው ነቅለሽ ክፈቺ፣ ተሰክቶ እያለ ደግሞ ሌንሷን ከላይ አትመልከቻት፣ የ780ው ጨረር ለዓይን አይታይም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም።

ጠርገሽ እምቢ ካለ ወደ ባለሙያ ሂጂ፣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ እንዳትሸወጂ። አንዳንዱ ቴክኒሻን ሌንሷ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ያዞራታል፣ ጨረሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ወዲያው ያነብልሻል፣ ደስ ብሎሽ ከፍለሽ ትሄጂያለሽ፣ ከዚያ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ጨረሩ ተቃጥሎ ጭራሽ ይጠፋል። የተዳከመ ነገር ላይ ጉልበት መጨመር ነው። ዋናው መፍትሄ ሌንሷን ከነቤቷ መቀየር ነው፣ አዲሱ ሲመጣ ከስታቲክ እንዲጠበቅ በብየዳ ነጥብ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ሪቦኑ (ጠፍጣፋው ገመድ) ከተሰካ በኋላ ያቺን ነጥብ ያላነሳ ሰው አዲሱም አይሰራም ብሎ ይመልስልሻል። አሁን ግን አዲስ ሌንስ የሚያመጣ ነጋዴ እየጠፋ ነው፣ እኛም ከሞቱ ማጫወቻዎች እየነቀልን ነው የምንሰራው፣ ማለትም የምትገዢው ሌንስም አሮጌ ነው።

አቧራ የጠጣውን ከሱቅ ከመውሰድሽ በፊት የራስሽን ዲስክ ይዘሽ ሂጂ፣ የሱን ሳይሆን የራስሽን፣ በቤት የተቀዳውን። መሳቢያው ካልተከፈተ አትፍሪ እሱ ላስቲኩ ነው ቀላል ነው። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ፓወሩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር አብጦ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያመጣው ጣጣ። እነዚህ ሁለቱ ይጠገናሉ። ሌንስ ነው ችግሩ።

ፋሲሎ_ሲዲ_ቤት፦

እኔ ፋሲሎ አካባቢ ሲዲ ቤት ነበረኝ፣ የድሮ ደንበኞች እዚህ ካላችሁ ሰላም ብያለሁ። ፔዳ የሚባለው ልጅ ስትሪሚንግ ነው የገደለው ይላል፣ ውጭ ሀገር እውነት ነው፣ እኛ ጋ ግን እኔ ቆሜ ያየሁት ሌላ ነው፣ ስትሪሚንግ ሲደርስ ዲስኩ ቀድሞ ተቀብሮ ነበር። የገደለው ፍላሽና ዲሽ ነው።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ካሴቱ እየወጣ ሲዲና ቪሲዲ የገባበት ጊዜ ነበር። የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ታይቶ ሲያበቃ በቪሲዲ ይወጣል፣ አንዱ ቪሲዲ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ቢይዝ ነው ስለዚህ ፊልሙ በሁለት ዲስክ ይመጣል፣ አንደኛው ልክ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ያልቃል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተነስቶ ይጮሃል፣ ቀይሩ ቀይሩ። በዓል ሲደርስ፣ እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ የለም። ኪራይም ነበረን፣ መታወቂያ አስይዞ ነው የሚወስደው፣ ስንቱ መታወቂያውን ትቶ ቀረ መሰላችሁ፣ ዲስኩ ጥሞት 😄 የመንገድ አዟሪዎቹ ደግሞ አንድ ዲቪዲ ላይ ስምንት የፈረንጅ ፊልም ጭነው ይዘው ይዞራሉ፣ አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው፣ ለስምንት ስታካፍሉት ምስሉ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ግን ሰው የሚቆጥረው ፊልሙን ነው። የኮፒራይት አዋጅ 410/1996 እያለ ማለት ነው ይሄ ሁሉ። ኦሪጅናሉን አከፋፋይ ከሚባለው ገዝተህ ስትሸጥ አዟሪው በርህ ላይ ኮፒውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

ከዚያ ምን መጣ መሰላችሁ፣ ዩኤስቢ ያለው ሪሲቨር። ይሄ ነው የኛ ቤት ለቅሶ። ሰው ዲሽ ሊያስገባ ሪሲቨር ይገዛል፣ ሪሲቨሩ ፊት ለፊት ፍላሽ መሰኪያ አለው፣ ታዲያ ዲቪዲ ማጫወቻ ለምን ይገዛል? በ2008 ቃና ጀመረ፣ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ በየማታው በነጻ ቤቱ ድረስ መጣለት፣ ኪራይ የሚመጣ ሰው ቀረ። ወጣቱ ደግሞ ሚሞሪ ይዞ "ሙዚቃ ጫንልኝ" ማለት ጀመረ። እኔም መደርደሪያውን አነሳሁና ኮምፒውተር አስገብቼ ጫኝ ሆንኩ፣ ያው ለምን እዋሻለሁ። ቴሌግራም ሲመጣ እሱም ቀረ። አሁን ያ ቤት ጁስ ቤት ነው።

ስለዚህ እህቴ ማጫወቻ መፈለግሽ አይገርመኝም፣ ግን ሰዎች ዲስክ የተዉት ጥራቱን ንቀው ወይ ዘመናዊ ሆነው አይደለም፣ ፍላሽ ስለማይጫር ነው። ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ያለውን ታስታውሳላችሁ? ዓባይ በረሃ ኩርባ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ተጣብቆ አስር ጊዜ ይላል።

ብሉሬይ_ወዳጅ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ዲስክ ሞተ ሲባል ያመኛል። ጥራት የሚያውቅ ሰው አሁንም ዲስክ ነው የሚያየው። 4ኬ ብሉሬይ ዲስኩ እስከ 100 ጊጋ ይይዛል፣ በሰከንድ እስከ 128 ሜጋ ቢት ድረስ ያወርዳል፣ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚጠይቅህ የመስመር ፍጥነት 15 ሜጋ ቢት ነው። ጨለማ ትዕይንት ላይ ስትሪሙ ጥቁሩን ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ሲያደርገው አይታችሁ አታውቁም? ድምፁም እንደዛው ነው፣ ዲስኩ ላይ ጥራቱ ሳይቀነስ ነው ያለው።

ደግሞ የገዛኸው ዲስክ ያንተ ነው። እ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ላይ ሶኒ ሰዎች ፕሌይስቴሽን ላይ ከፍለው የገዟቸውን የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች ከላይብረሪያቸው እናነሳለን ብሎ አሳወቀ፣ ሰው ሲጮህ ነው የተወው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ፈቃድ ብቻ እየሸጡ "ግዛ" የሚል ቃል ያለ ማብራሪያ መጠቀም የሚከለክል ህግ አለ፣ ለምን ወጣ? ሰው የገዛ መስሎት የተከራየ ስለሆነ። እኔ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ዲስክ ነው የማስመጣው፣ ሪጅኑን፣ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ ላይ እንደሚሰራ የሚለየውን ምልክት፣ ብቻ እይ እለዋለሁ፣ እኛ ለዲቪዲ ሪጅን 5፣ ለብሉሬይ ሪጅን ቢ ነን።

ዘጌ_ማዶ፦

@ብሉሬይ_ወዳጅ ወንድሜ እኛ ስለ እህቷ ሰርግ ዲስክ እያወራን አንተ 128 ሜጋ ቢት ውስጥ ገባህ 😂😂 ግን የገዛኸው ዲስክ ያንተ ነው ያልከው ይመቸኛል። ፊልሙን ከድርጅቱ ሰርቨር ሲያነሱት እኮ ዝም ብለህ ነው የምታየው።

ስቱዲዮ_ጣና፦

ሰርግ የምንቀርጽ ሰዎች ነን፣ ይሄ ጥያቄ በሳምንት በሳምንት ነው የሚመጣብን ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ማጫወቻ ከመፈለግሽ በፊት ዲስኩን አድኚ። የሰርግ ዲስክ የሚቀዳበት ቀለም ጊዜ እየሄደ ይደበዝዛል፣ በተለይ መስኮት ዳር ፀሐይ የሚያገኘው። ያኔ ሁላችንም ርካሽ ዲስክ ነበር የምንጠቀመው፣ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ስቲከር እንለጥፍበት ነበር ለማማር፣ ስቲከሩ ጠርዙ ሲነሳ ዲስኩ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። ስቲከሩን ግን አትላጪው፣ ከነ ሽፋኑ ሊነሳብሽ ይችላል። መጀመሪያ ሰርጉን የቀረጸው ስቱዲዮ ካለ ጠይቂ፣ ኦሪጅናሉ ኖሮ ቢሆን እሱ ይሻላል፣ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ ሃርድ ዲስክ ውድ ስለነበር ደንበኛው ዲስኩን ከወሰደ በኋላ አጥፍተን ሌላ ሰርግ እንቀዳበት ነበር፣ ሁሉም ስቱዲዮ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዲስክ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ወይ ዴስክቶፕ ፈልጊ፣ በየቢሮው ሞልቷል። ከሌለ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲቪዲ ድራይቭ አሁንም ይገኛል፣ ከማጫወቻው ይልቅ እሱን ማግኘት ይቀላል። ግን ቲቪ ላይ እሰካዋለሁ እንዳትይ፣ ቲቪው አያውቀውም፣ ለኮምፒውተር ነው። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ፣ ዙሪያውን አታሽከርክሪ። ሲዲና ቪሲዲ ላይ ደግሞ ከስሩ ይልቅ ከላይ፣ ጽሑፉ ያለበት በኩል፣ ጭረት ከገባ ነው የሚያልቅለት፣ መረጃው ከዚያ ሽፋን ስር ነው ያለው። ዲቪዲው መሀል ላይ ስለሆነ የተቀመጠው እሱ ይሻላል።

ዲቪዲውን ስትከፍቺ ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ታገኛለሽ፣ ውስጡ ቪኦቢ የሚባሉ ፋይሎች፣ እያንዳንዳቸው ቢበዛ 1 ጊጋ። ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጊው፣ ይሄ ዋናው ቅጂሽ ነው አትጨምቂው። ቪሲዲ ከሆነ ኤምፔግ ኤቪ የሚል ፎልደር ውስጥ ዳት ፋይል አለ፣ እሱን ኮፒ አድርገሽ ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ዳት ወደ ኤምፒጂ ብትቀይሪው ብዙው ነገር ላይ ይሰራል። ኮፒው መሀል ላይ ከቆመ ድራይቭ ቀይሪ፣ እኛ ሶስት ዓይነት ድራይቭ የያዝነው ለዚህ ነው፣ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ያነበዋል። እሱም ካልሆነ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፣ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ፕሮግራም አለ የተበላሸውን እየዘለለ የዳነውን ያወጣል፣ ሲፈልግም ተመልሶ ይሞክራል።

ለእማማ ደግሞ ከዋናው ቅጂ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ4 ቀይሪላት። ሁለት ነገር አትርሺ፣ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ምረጪ፣ የዚያን ጊዜ ካሜራ የሚቀርጸው መስመር እየዘለለ ስለነበር አባትሽ እስክስታ ሲወርድ ትከሻው ላይ መስመር መስመር ይታያል፣ እሱን ያጠፋልሻል። ሁለተኛ ምስሉን አታሳድጊው፣ ዲቪዲ 720 በ576 ነው፣ ትልቅ ቲቪ ላይ ደብዘዝ ይላል፣ ቪሲዲማ 352 በ288 ስለሆነ ይብሳል፣ ማሳደግ ፋይሉን ማወፈር ብቻ ነው። የሁለት ሰዓቱ ሰርግ ከ2 ጊጋ በታች ከሆነልሽ ቴሌግራም ላይ ለእህትሽም ትልኪላታለሽ፣ የነጻው ቴሌግራም ወሰኑ እሱ ነው።

ህዳር11_ሰፈር፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። @ስቱዲዮ_ጣና ስቱዲዮውን ጠየቅነው፣ ከተማ ቀይሯል፣ ስልኩም አይሰራም። ቢሮ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፣ አይቲው ፈቅዶልኛል፣ ከክርስትናዎቹ አንዱን ሞክሬ ኮፒ ሆኗል።

የሚያሳስበኝ የእማዬ ነገር ነው። ፍላሽ ስሰጣት የቱ የቱ እንደሆነ እንዴት ታውቃለች? ዲስኩን እኮ በሽፋኑ ፎቶ ነው የምትለየው። ደግሞ የዲስኩን ፋይሎች አንድ ላይ ያደረግኩበትን ትልቁን ፋይል ፍላሽ ላይ ላደርገው ስል "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" አለኝ፣ ፍላሹ 32 ጊጋ ሆኖ ባዶ ነው።

ስቱዲዮ_ጣና፦

ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ተፎርማት ተደርጎ ነው፣ እሱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ፍላሹ ምንም ያህል ባዶ ቢሆን። ኤንቲኤፍኤስ አድርጊው፣ ኤክስፋትን ብዙ ሪሲቨር አያነብም። ወይ ደግሞ ኤምፒ4 ካደረግሽው ከ4 ጊጋ በታች ስለሚሆን ችግሩ የለም፣ ዋናውን ቅጂ ፍላሽ ላይ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪው። 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ዲቪዲ ወደ 100 ይይዛል፣ የአንድ ቤተሰብ ሰርግና ክርስትና አይሞላውም። አንድ ቅጂ ብቻ ግን አታድርጊ፣ ሌላውን ወንድሞችሽ ጋ አኑሪ፣ ፍላሽም ሃርድ ዲስክም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው።

እማማ ሪሲቨር ሪሞት ከለመዱ ሪሲቨሩ ዩኤስቢ ላይ ሰኪላቸው፣ አዲስ ነገር መማር አይጠበቅባቸውም። የፋይሉን ስም በአማርኛ አትጻፊ፣ ብዙ ሪሲቨር የኛን ፊደል ስለማያውቅ ሳጥን ሳጥን ነው የሚያሳይሽ። 01፣ 02፣ 03 በይውና የድሮውን ሽፋን ፎቶ ላይ ቁጥሩን ጻፊበት፣ ሽፋኑን አይተው ቁጥሩን ይጫናሉ። ብዙ ደንበኛ እንዲህ ነው ያደረግነው።

ፔዳ_ዋይፋይ፦

እሺ ተሸነፍኩ አልልም ግን ዋይፋዩም ቢገባ ጥሩ ነው፣ መዝሙሩ ዩቱብ ላይ ከቪሲዲው ይልቅ ጥርት ብሎ አለ፣ እሱን ማንም አይክድም። ፋይሎቹን ሪሲቨሩ ካላነበባቸው ኤች 264 (ቪዲዮው የተጨመቀበት ዓይነት ነው) መሆኑን እዪ፣ ኤች 265 ካደረግሽው አሮጌ ሪሲቨር ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ሌንስ_ጠጋኝ፦

ማጫወቻውን መጠቀም ከፈለጋችሁና ቲቪው ቀዳዳ የለውም ካልሽው፣ መጀመሪያ ከቲቪው ጀርባ ኤቪ የሚል አንድ ቀጭን ቀዳዳ ካለ እዪ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚያህል፣ አንዳንዱ ቲቪ ሶስቱን ገመድ በዚያ ነው የሚቀበለው፣ ከካርቶኑ ጋር አዳፕተር ይመጣል ሰው ይጥለዋል። ከሌለ ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን አለ። ስትገዢ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውን፣ ተቃራኒው መልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛና ማጫወቻው ተበላሸ ብሎ እኔ ጋ ያመጣዋል። ጭራሽ ካልፈለጋችሁት ግን ለኮተት ገዢ አትስጡት፣ የሲዲው ጨረር ደህና ነው፣ እኔ እወስደዋለሁ።

ህዳር11_ሰፈር፦

አዳፕተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር!! ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ለመዝሙሮቹ እዚያው ይቆይ ብላለች እማዬ፣ ስለዚህ @ሌንስ_ጠጋኝ ለጊዜው አይሰጥም 😄

ፋሲሎ_ሲዲ_ቤት፦

የድሮ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ኦሪጅናሉን የምትጥሉ ካላችሁ አትጣሉ እኔ እሰበስባለሁ፣ ዩቱብ ላይ ያልወጣ ብዙ አለ፣ የወጣውም ያወጣው ሰው መብቱ የሱ ስላልሆነ እየተነሳ ነው።

ዓባይ_ማዶ_ልጅ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኛ ጋ ያለው ዲስክ እንኳን አይደለም፣ የዴክ ካሴት ነው፣ የወላጆቼ ሰርግ። ዴኩም አለ። እሱም በዚህ መንገድ ይሆናል?

ስቱዲዮ_ጣና፦

ይሆናል ግን ኮፒ የሚባል ነገር የለውም፣ ዴኩ እያጫወተ ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ መቅጃ እየተቀበለ ነው፣ የሶስት ሰዓት ካሴት ሶስት ሰዓት ይፈጃል። ለብቻው ጥያቄ አድርገህ ክፈተው እዚያ እንነጋገርበታለን። መጀመሪያ ግን የማትፈልገው ሌላ ካሴት አስገብተህ ዴኩን ሞክረው፣ ክሩን የሚበላ ከሆነ የሰርጉን እንዳታስገባበት።